የእማዬ ጀሪካንና የሚጠፋው ውሃ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 — ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር

ይህን ደብተር የገዛሁት ለመኪናዬ ነው። ኮምቦልቻ ጋራዥ ያላቸው መካኒኬ ጋሽ ጣሀ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ምንተስኖት፣ ወሬውን ተወኝና በቀን ስንት ውሃ እንደምትጨምርባት ጻፍልኝ» ብለው አዘዙኝ። ጻፍ ከተባልኩ አይቀር ሌላ ሌላውንም እጽፍበታለሁ። ለእሳቸው ቁጥሩን ብቻ በብጣሽ ወረቀት ገልብጬ እወስድላቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒክአፗ ውሃ ትጨርሳለች። ጠዋት ራዲያተሩን አፉ ድረስ ሞልቼ ከደሴ እነሳለሁ፤ ኩታበር ድንች ጭኜ፣ ኮምቦልቻ አራግፌ፣ ሲሚንቶ ይዤ ስመለስ ጎድሎ አገኘዋለሁ። ከሥሯ ጠብታ አይታይም። ጭሷ እንደ ወትሮው ነው፤ ዘይቷም ንጹህ ነው። ታዲያ ውሃው የት ይገባል?

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅበት ነበር። ዘንድሮ ግን እህቴ ትህትና ነፍሰ ጡር ናት። ከኩታበር አልፎ፣ ጭቃው መኪና በሚውጥበት ገጠር ከባሏ ከገበየሁ ጋር ትኖራለች። የዛሬ ሁለት ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው መኪና እስኪመጣ ሲጠበቅ ነው። እኔ ያን ቀን ኮምቦልቻ ዕቃ እየጫንኩ ነበር፤ ስልኬንም አልሰማሁትም። ሐኪሙ አሁን «ምጥ ጀመረኝ ስትይ ወዲያው ወደ ደሴ፤ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው» ብሏታል። ቀኗ መስከረም መባቻ ላይ ነው። አማቷ የአልጋ ቁራኛ ስለሆኑ ቀደም ብላ መጥታ እኛ ጋ መቀመጥ አልቻለችም፤ ጳጉሜን አራት ላይ ሄጄ ላመጣት ተስማምተናል።

ገበየሁ ለክፉም ለደጉም ከኩታበር ሌላ መኪና ልያዝ ብሎኝ ነበር። «የኔ መኪና እያለች?» አልኩት። እንዲያውም ተቆጣሁ።

ዛሬ የጨመርኩት ውሃ፦ አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው።

ለጋሽ ጣሀ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። ባለፈው ሰኞ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስወጣ የሙቀት መርፌው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ትንሽ ነው። ትንሽ ስለሆነ ነው ያልነገርኳቸው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ማታ ከሥሯ ካርቶን አንጥፌ አደርኩ። ጠዋት ደረቅ።

የጨመርኩት፦ ሦስት አራተኛ ሊትር።

የጭነት መኪና ተራ ላይ፣ እንደኔው ሹፌር የሆነው በላቸው ራዲያተሩን ስሞላ አየኝና፣ «ምንተስኖት፣ ፒክአፕ መስላኝ፤ ለካ ግመል ነው የገዛኸው!» አለ። ሹፌሩ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያውም ከሁሉም በላይ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

እማዬን ይዤ ትህትና ዘንድ ደርሰን መጣን። በየሳምንቱ ቅዳሜ ወይም እሑድ እንሄዳለን። እማዬ ከገራዶ የቀዳችውን ጠበል በቢጫዋ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ለልጇ ትወስድላታለች። የተረፈው ይመለሳል፤ እንዳይረሳ ብላም ለመቅዳት ካልሆነ በቀር ጀሪካኗን ከመኪናው አታወርዳትም። ከፊት ወንበር ሥር፣ እግሯ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ትዞራለች። ከቅጥር ረዳት ይልቅ እሷ ታማኝ ናት።

ከኩታበር ወዲያ ያለውን ዳገት ስንጨርስ ምንጣፉ ረጥቦ አየሁት።

«እማዬ፣ ጀሪካንሽ ያፈሳል» አልኳት።

«የኔ ጀሪካን? አፏን በፌስታል ቋጥሬ ነው የከደንኳት።»

«ታዲያ ይሄ ከሰማይ ወረደ? ስንቴ ነው የነገርኩሽ! ምንጣፌን አበሰበስሽው እኮ!»

ድምፄ ከፍ አለ። እማዬ ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ጠበል ከሆነስ ይፍሰስ፤ መኪናህን ይባርክልሃል። ብቻ እንዳትረግጠው። በዚያ በዘይት ጨርቅህም እንዳትጠርገው» አለች። ጣቷን ነከረችና የሚያማትን ጉልበቷን አሸችው። «ደግሞ ይሞቃል!» አለች ተገርማ።

«ማሞቂያውን ስለከፈትኩልሽ ነው» አልኳት። በዚህ በክረምት ብርድ ለጉልበቷ ብዬ እከፍትላታለሁ።

ትህትና ደህና ናት። ፊቷ ሞልቷል። ስንወጣ መኪናዋን በእጇ ዳበስ አደረገቻትና፣ «አደራ እንግዲህ» አለቻት። ለእኔ አላለችኝም፤ ለመኪናዋ ነው ያለቻት።

እናቴን በአንድ ጀሪካን ምክንያት መጮኼ ቆጭቶኛል። የጨመርኩት፦ አንድ ሊትር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23 — ኮምቦልቻ

ግማሽ ቀን ጋሽ ጣሀ ጋራዥ ዋልኩ። የራዲያተሩን ክዳን ቀየሩት፤ ላስቲኩ ደርቋል አሉ። ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ወፋፍራም የውሃ ጎማዎች አንድ በአንድ ጨመቋቸው። የውሃ ፓምፑን በባትሪ አዩት። ደረቅ ነው።

ከሞተሩ ቀና ብለው፣ «ሙቀት አስነስተህባት ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ኧረ በጭራሽ!» አልኩ።

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ውስጡንም ልይ ብለው በእማዬ በኩል ያለውን በር ከፈቱ። ምንጣፉ ርጥብ ነበር።

«ይሄ ውሃ ምንድን ነው?»

«የእማዬ ጠበል ነው ጋሽ ጣሀ። ጀሪካኗ ታንጠባጥባለች።»

ሊዘረጉት የነበረውን በዘይት የጠቆረ እጃቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲያ እኔ አልነካውም» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። እኚህ ሰውዬ መስጊድ ሲገቡ እንኳ በር እንዲህ ተጠንቅቀው የሚዘጉ አይመስለኝም።

«አብሽር፤ ክዳኑ ይሆናል» ብለው ሸኙኝ።

ሐምሌ 25

ክዳኑ አይደለም። አንድ ሊትር።

ዓርብ፣ ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገባ። እማዬ ትጾማለች፣ ትሰግዳለች፣ ለትህትና በየቀኑ ትደውልላታለች። እኔ ደግሞ በየቀኑ ራዲያተር እከፍታለሁ። ሁለታችንም በየፊናችን እንጸልያለን።

ደሴ ጉም በጉም ናት። ዛሬ የፊት መስታወቱ በውስጥ በኩል እየታፈነ አላሳይ አለኝ። በጨርቅ ብጠርገው መልሶ ይደበዝዛል። የክረምቱ ነገር ብዬ መስኮት ከፍቼ ነዳሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ያደረስኳት እማዬ ግን አልበረዳትም። «ይቺ መኪና ውስጥ እግሬ ይሞቀኛል፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል» ትላለች። ምንጣፉ አሁንም እንደረጠበ ነው። ጀሪካኗን ቀይሪ እንዳልላት ከዚያን ቀን ወዲህ አፌን ይዤዋለሁ።

የጨመርኩት፦ አንድ ሊትር ከሩብ። እየባሰ ነው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5 — ኮምቦልቻ

ጋሽ ጣሀ ዛሬ ቴስታታውን ጠረጠሩ፤ የሞተሩን ራስ። እሱ ተሰንጥቆ ወይም ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሎ ከሆነ ውሃው እዚያው ሞተር ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል፤ ጠብታ አይታይም አሉ። ክዳኑን ከፍተው ሞተሩን አስነሱና ውሃው አረፋ ያወጣ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ቆመው ተመለከቱ። አረፋ የለም። የዘይት መለኪያውን መዘዙ። ወተት አልመሰለም።

«ወላሂ ግራ ገባኝ» አሉ። «ካልተገኘ መፍታት ነው። ከተፈታ ደግሞ ቴስታታው አዲስ አበባ ሄዶ ፊቱ ተልጎ መስተካከል አለበት። ሦስት ሳምንት በለው፤ ክረምት ነው፣ አራትም ሊሆን ይችላል።»

ነሐሴ አምስት ላይ አራት ሳምንት ብትደምር የት እንደምትደርስ ለመቁጠር ደብተር አያስፈልግም።

«ሙቀት የማያውቃት ሞተር ግን ቴስታታዋ እንዴት ይነካል?» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ።

ጆሮዬን አከክሁ።

ነሐሴ 8

አንድ ሊትር ከሩብ። ዛሬ ሁለቴ ቆሜ ጨመርኩ። በላቸው አልፎኝ ሲሄድ ጥሩንባ ነፋ።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ገበየሁ ደወለ። «ወንድም ጋሼ፣ የመኪናዋን ነገር ሰው ነገረኝ። ክፉ አትበለኝና የኩታበሩን ባለመኪና ሰውዬ ላናግረው?» አለ። ሰው ማለት በላቸው እንደሆነ አውቃለሁ። በመጀመሪያ ልቆጣ ነበር። ከዚያ ደግሞ አዎ ልለው አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን «ምንም አልሆነችም፤ ደህና ናት» የሚል ነው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ተቀምጬ ራሴን ሰደብኩት። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ እውነቱን ካልጻፍኩ የት ልጽፈው ነው?

እንግዲህ እውነቱ ይሄ ነው። ሐምሌ ሰባት ቀን ሐረጎን ስወጣ መርፌው ትንሽ ከፍ አላለም። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ከግማሽ በላይ ነበር። አራተኛው ላይ ቀዩን ነካ። ሲሚንቶ እንደጫንኩ ነው። ማቆም እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ አባቴ ሹፌር ነበር፣ ማርሽ ሳያስተምረኝ በፊት ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። ግን ከኋላዬ እነበላቸው ሦስት ሆነው ይመጡ ነበር። ዳገት መሃል ኮፈን ከፍቼ፣ በእንፋሎት ታፍኜ እንዲያዩኝ አልፈለግኩም። ስለዚህ ነዳሁ። ሙቀቱ ቀዩ ላይ እንዳለ እስከ ላይ ድረስ ነዳሁ። ለጥ ያለው ቦታ ስደርስ ሽንት የያዘኝ መስዬ ዳር ያዝኩ፤ ዞር እስኪሉልኝ ጠብቄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ቀዝቀዝ ሲል የሞላሁበት ውሃ መጠን ያስደነግጣል።

የሞተሩን ራስ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። የምፈራው ይህን ነው። ትህትና ደግሞ «አደራ» ያለችው ያቃጠልኩትን ሞተር ነው።

ነገ ለገበየሁ ደውዬ ሌላ መኪና ያዝ እለዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

አልደወልኩም። አንድ ሊትር ተኩል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17 — ኮምቦልቻ

ትናንት ጾሙ ተፈታ። ዛሬ ጋሽ ጣሀ ዘንድ ሄድኩ። ቁርጡ ደርሷል፤ ሰኞ ሞተሩ ይፈታል። ብጣሹን ወረቀት አዩት፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩት።

«ኩታበር ስትወጣ ነው ብዙ የምትጠጣው» አሉ።

«አዎ።»

«ሐረጎም ላይ?»

«ሐረጎም ላይ።»

«ከመፍታታችን በፊት አንድ ነገር እንሞክር። ይህን ሁሉ ጊዜ የቧንቧ ውሃ ነው የሞላህባት። የቧንቧ ውሃ ቢንጠባጠብም ዝናብ ይመስልሃል፣ ይደርቃል፣ ምልክት አይተውም።» ያለውን አፍስሰው፣ ከመደርደሪያቸው አረንጓዴ ኩላንት፣ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ አውርደው ውሃ ሳያበዙ በወፍራሙ ሞሉት። ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ሽታውም ጣፋጭ ነገር ነው። «እንግዲህ ነገ ዳገት ውጣባት። የሚያፈስ ነገር ካለ ቀለሙ ራሱ ይናገራል። ካልተናገረ ሰኞ ጠዋት ቁልፌን አነሳለሁ። አብሽር፣ ኢንሻአላህ እናገኘዋለን።»

ዛሬ ልነግራቸው ነበር። በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። «ምን ረሳህ?» ሲሉኝ «ምንም» አልኩ።

እሑድ፣ ነሐሴ 18

ይህን የምጽፈው እጄ እየሳቀ ነው። እጅ ይስቃል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ከቅዳሴ መልስ ከእማዬ ጋር ወደ ትህትና ተነሳን። እማዬ ለጾም መፍቻ የሠራችውን ጭና፣ አዲስ ነጭ ካልሲ አድርጋ፣ እንደ ሁልጊዜው ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች። ከኩታበር አልፈን ዳገቱን ጨርሰን ነበር።

«ምንተስኖት! አቁም! በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ! አቁም ልጄ!»

ፍሬን ያዝኩ። እማዬ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ ታማትባለች። ነጭ ካልሲዋ አረንጓዴ ሆኗል። ምንጣፉ ላይ ያለው ውሃ አረንጓዴ ሆኗል።

«ጠበሉ ቀለም አወጣ!» አለች። «ምን ሊነግረን ነው? ልጄን ምን አገኛት?»

እኔ ካልሲዋን አየሁ። ቀለሙን አውቀዋለሁ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ጣፋጩ ሽታ ነው። ከዚያ ጀሪካኗን አነሳሁ። ፌስታሉ እንደተቋጠረ ነው፤ ከውጪ ደረቅ ናት። ፈትቼ አየሁ፤ ትናንት እንደቀዳችው እስከ አንገቷ ሙሉ ናት፣ ንጹህ ውሃ። ይቺ ጀሪካን ከመጀመሪያው አንድ ጠብታ አፍስሳ አታውቅም። አራት ሳምንት ሙሉ የሰው ስም ነው ያጠፋሁት።

«እማዬ፣ ጠበል አይደለም። የመኪናዋ ውሃ ነው። ሲጠፋ የከረመው ውሃ እዚህ እግርሽ ሥር ነው ሲፈስ የከረመው!»

ለጋሽ ጣሀ ደወልኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ሳቃቸው ስልኩን ሞላው። «ያ አላህ! በገዛ እጄ በሩን ከፍቼ ዘጋሁት እኮ! ጠበል ነው ስትለኝ! ምንተስኖት፣ የማሞቂያው ራዲያተር ነው፤ ያቺ ዳሽቦርዱ ሥር ያለችው ትንሿ! ነገ ና። ሞተር አይፈታም፤ ሰማኸኝ? ሞተር አይፈታም!»

መንገድ ዳር እንደቆምን ለእማዬ አስረዳኋት። ትንሽ አሰበች።

«ቆይ፣ እኔ ታዲያ ይህን ሁሉ ሳምንት ጉልበቴን ያሸሁት በራዲያተር ውሃ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ተሽሎኝ ነበር እኮ» አለች። ቅር ብሏት ነበር። ከዚያ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነው። እኔም ያዘኝ። ጭቃ ላይ ቆመን ዓይናችን እስኪያለቅስ ሳቅን። አንድ ፍየል የሚነዳ ገበሬ ቆሞ አየንና «ደህና ናችሁ?» አለን። ደህና ነን አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት።

ስለጮኽኩባት ይቅርታ ጠየቅኳት። «እኔን ተወኝ፣ ጀሪካኗን ጠይቃት» አለች። ጠየቅኳት።

ሰኞ፣ ነሐሴ 19 — ኮምቦልቻ

አራት ሳምንት የተባለው ሥራ ከአንድ ሰዓት በታች አለቀ።

የማሞቂያዋ ራዲያተር የውዳሴ ማርያም መጽሐፍ ብታክል ነው። ከሞተሩ የፈላ ውሃ በሁለት ቀጫጭን ጎማዎች ይገባባታል፤ ሙቀቱ ወደ ጋቢና ይነፍሳል። ጎኗ ላይ ዝገት በልቷት ነበር። ዳገት ሲመጣ ውሃው በግፊት ይወጣና ምንጣፉ ሥር ይገባል፤ የተረፈው በወለሉ ቀዳዳ እየተንጠባጠበ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ነው የቆመች ጊዜ ከሥሯ የማይታየው። መስታወቴን ያፈነውም የክረምቱ ጉም አልነበረም፤ የራሷ እንፋሎት ነው። ምልክቱ ሁሉ አፍንጫዬ ሥር ነበር። ጋሽ ጣሀ ሁለቱን ጎማዎች ከእሷ ነቅለው በአጭር የብረት ቱቦ እርስ በእርስ አገናኟቸውና ጠበቅ አድርገው አሰሩ። ራዲያተሯ እስክትበየድ ድረስ ማሞቂያ የለም። «እናትህ እግራቸውን ብርድ ልብስ ያልብሱት» አሉ።

ሲጨርሱ ነገርኳቸው። ስለ ሐረጎ፣ ስለ ቀዩ፣ ስለ በላቸው፣ አንድም ሳላስቀር። መሬት መሬቱን እያየሁ ነው የነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት?»

«የላይኛው ጎማ ተቀቅሎ ለስልሷል። ደግሞ ስጠይቅህ ጆሮህን አከክህ። አባትህም፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሲዋሸኝ ጆሮውን ነበር የሚያከው። መቼ እንደምትነግረኝ ስጠብቅ ነበር።»

«ለምን አልተቆጡኝም?»

«ብቆጣህ ለሁለተኛ ጊዜ ትዋሸኝ ነበር።»

ከዚያ ሞተሩን አስነስተው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ እንደገና ረጅም ጊዜ ቆመው አዩ። ሐረጎን ጫፉ ድረስ አብረን ወጥተን ወረድን። መርፌው ከቦታው አልተነቃነቀም። «ቴስታታዋ ደህና ናት፣ አልሀምዱሊላህ» አሉ። «ሁለተኛ ግን መርፌው ሲነሳ አቁም። ሰው ያየኛል አትበል። ይይህ።»

ስመለስ መኪና ውስጥ ብቻዬን ሆኜ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27

ስምንት ቀን። የጨመርኩት፦ ምንም፣ ምንም፣ ምንም፣ ምንም፣ ምንም፣ ምንም፣ ምንም፣ ምንም።

እማዬ ብርድ ልብስ ለብሳ ትሳፈራለች። «ውሃው ሲፈስ ይሻለኝ ነበር» እያለች ትነጅሰኛለች።

ለገበየሁ ደወልኩና ነገሩን በሙሉ ነገርኩት። ደግሞም፣ «ለማንኛውም ያንን ሰውዬ አናግረው፤ ስልኩን ያዝ» አልኩት። ከዚህ በፊት ማለት የነበረብኝን ነው ያልኩት። እሱ ግን «እንግዲህ ካንተ ጋር ነው የምመጣው ብላለች፤ ሌላ መኪና አልገባም አለች» አለኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30

መውሊድ ነው። ጋሽ ጣሀ ቤት ጠርተውኝ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተመረቅኩ። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ጋሽ ጣሀ ጣልቃ ገብተው፣ «የምንተስኖትን እህትም በሰላም ይገላግላት በሉልኝ» አሉ። ቤቱ ሙሉ አሚን አለ።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2 — ደሴ፣ ሆስፒታል ግቢ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት

ገብታለች። በሰላም ገብታለች።

ሁለት ቀን ቀደመችብን። ስልኩ የመጣው ረፋድ ላይ ነው። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳሁት። እማዬ ጀሪካኗን ይዛ ዘላ ገባች።

ቀሪውን ነገ እጽፈዋለሁ።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3 — ሩፋኤል

ሴት ልጅ። ዛሬ ንጋት ላይ። ትህትናም ደህና ናት። ይህን መጀመሪያ ልጻፈው።

አሁን ከመጀመሪያው። ትናንት ደርሰን ትህትናን ፊት ወንበር ላይ አስተኝተን፣ እማዬና ገበየሁ ከኋላ ወንበር ሆነው ተነሳን። ዝናብ ነው። ጭቃው ሁለቴ ያዘንና ገበየሁ ወርዶ ገፋ። መስታወቱ ግን ጥርት እንዳለ ነው፤ መርፌው ከቦታው አልወጣም። እኔ አንድ ዓይኔ መንገዱ ላይ፣ አንድ ዓይኔ መርፌው ላይ ነው። ዳገቱ መሃል ስንደርስ ትህትና «ውይ!» አለች። ዞር ብዬ ወደ እግሯ አየሁ።

ምንጣፉ ውሃ በውሃ ሆኗል።

ጋሽ ጣሀ ያሰሩት ቱቦ ለቀቀ ማለት ነው። ያንን ቀን አሰብኩ፤ ኮምቦልቻ ዕቃ እየጫንኩ ያልሰማሁትን ስልክ አሰብኩ። ፍሬን ይዤ፣ ዘልዬ ወርጄ፣ በዝናብ ኮፈኑን ከፈትኩ። ጎማዎቹን ዳበስኳቸው። ደረቅ ናቸው። ማሰሪያዎቹ ጥብቅ ናቸው። ታዲያ ከየት ነው? ቱቦውን ልይ ብዬ መሬት ልተኛ ስል እማዬ በመስኮት ግማሽ አካሏን አውጥታ ጮኸችብኝ።

«አንተ ቂል! የመኪናዋ አይደለም፣ የእህትህ ነው! የእንሽርት ውሃዋ ነው የፈሰሰው! ግባና ንዳ!»

ገባሁና ነዳሁ። ትህትና እያማጠች ትስቅ ነበር። «ራዲያተሬ ፈሰሰ በሉት» ትላለች፤ ከዚያ ትጮኻለች፤ ከዚያ ደግሞ እጄን ከማርሹ ላይ ነጥቃ ትጨብጣለች። ኩታበርን እንዴት እንዳለፍነው አላስታውስም። ደሴ ስንገባ መርፌው የት ነበር ብትሉኝ ግን እነግራችኋለሁ፤ ግማሹ ላይ፣ ጸጥ ብሎ።

አዋላጇ «በጊዜ አመጣችኋት» አለች። ሰው ሁሉ የሚለው ተራ ነገር ነው። ለእኔ ግን ተራ አልነበረም። የዛሬ ሁለት ዓመት አልደረስኩም ነበር። አሁን ደረስኩ።

ጠዋት ሕፃኗን አሳዩኝ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ዝናቡ መጣ፤ የሩፋኤል ዝናብ። እማዬ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ወጥታ ቆመችበት። ሌሎች ሴቶችም ወጡ። የጀሪካኗን ክዳን ፈትታ አፏን ወደ ሰማይ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠቻት።

ጋሽ ጣሀ ደወሉ። «እንኳን ማርያም ማረቻት!» አሉ፤ ከዚያ ግን አላስቻላቸውም። «መኪናዋስ? ውሃዋ ስንት ነው?»

ከፍቼ አየሁ። አፉ ድረስ ሙሉ ነው።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4 — ደሴ

ዛሬ ትህትናን ላመጣት የተስማማንበት ቀን ነው። እሷ እኛ ቤት ተኝታለች፤ ልጇም ጎኗ።

ምንጣፉን አውጥቼ ላጥበው ስል እማዬ ከለከለችኝ። «ፀሐይ ላይ ስጣው እንጂ አትጠበው» አለች። በክረምት ፀሐይ ከየት ይመጣል ብላትም አልሰማችኝም። አጥሩ ላይ ሰጣሁት። ጀሪካኗ የሩፋኤልን ዝናብ ይዛ ከወንበሩ ሥር ተመልሳ ቦታዋን ይዛለች። አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ነገ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ለጋሽ ጣሀ ብጣሽ ወረቀት አልገለብጥላቸውም፤ ደብተሩን እንዳለ እሰጣቸዋለሁ፣ ከሐምሌ አሥራ ሁለት ጀምሮ ያንብቡት። ለእሳቸው የምጽፈው የመጨረሻ መስመር ይህ ነው፦

የተጨመረ ውሃ፦ የለም። የተጨመረ ሰው፦ አንድ።